ቁጣ ሲመጣ በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሆናል?



ባለፈው ከመግሪብ በኋላ በነበረን ደርስ ላይ አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን እጁን አወጣና እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ቁጣ ከሸይጧን ነው ብለን ተምረናል። ጄኔራል ሳይኮሎጂ ላይ ደግሞ መምህሩ ቁጣ የሚነሳው ከአሚግዳላ ነው ይላሉ። ለፈተናው የቱን ልጻፍ?» ሁላችንም ሳቅን። ኡስታዙም ፈገግ ብለው «ለፈተናው አሚግዳላን ጻፍ» አሉት። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው አብሮን ዶርም ድረስ ሄደ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ወንድማችን የመጣው ከጋምቤላ ክልል፣ ከአቦቦ ነው። ለምን እንደጠየቀ ስንጠይቀው ለእረፍት ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ ያየውን ነገረን። ወሩ መጋቢት ነው። ከዙህር በኋላ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ። ቦኖው ሦስት ቀን ጠፍቶ ውሃ የመጣበት ቀን ስለሆነ ጀሪካኑ ከመንገድ እስከ መንገድ ተሰልፏል። አንዱ ልጅ የሌላውን ጀሪካን በእግሩ ገፋ አደረገው። ሁለት ቃል ተወራወሩ፣ ከዚያ አንገት ለአንገት ተያያዙ። አንደኛው የደገኛ ልጅ ነው፣ ሁለተኛው አኝዋክ። ወዲያውኑ ከሁለቱም ወገን ሰው መሰብሰብ ጀመረ። የጀሪካኑ ጉዳይ ተረሳና «የእናንተ ሰዎች» የሚለው ወሬ መጣ። በዚህ መሀል በ1977 ዓ.ም. ከወሎ የመጡ አንድ አባትና አንዲት አኝዋክ እናት መሀላቸው ገቡ። አባትየው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሁላችሁም መሬት ላይ ቁጭ በሉ።» ሰዉ እያጉረመረመ ማንጎው ጥላ ስር ቁጭ አለ። እስከ ዐስር ሰላት ድረስ ማንም ስለ ጠቡ እንዲያወራ አልተፈቀደም። ከዚያ በኋላ ውሃው ተቀዳ።

«ምንም ሳይመክሯቸው፣ ሳይፈርዱ፣ ዝም ብለው ቁጭ በማድረግ ብቻ እንዴት በረደ?» ነው የወንድማችን ጥያቄ።

እንግዲህ ጀሪካኑ በተገፋበት ቅጽበት በልጁ ሰውነት ውስጥ የሆነውን እንከተል። ዓይን ያየው ነገር መጀመሪያ የሚደርሰው አንጎል መሀል ወደሚገኘው ታላመስ ወደሚባል ጣቢያ ነው። ከዚያ መረጃው በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ መንገድ ረጅም ነው። ነገሩን ወደሚያጣራውና ወደሚያመዛዝነው የአንጎል ሽፋን ይሄዳል። ሌላው አጭር ነው። በቀጥታ ከጆሯችን አካባቢ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ወደሚገኘው፣ በቅርጹ ለውዝ ወደሚመስለው አሚግዳላ ይደርሳል። አጭሩ መንገድ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ደብዛዛ ነው። ጆሴፍ ለዱ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን በአይጦች ላይ በስፋት አጥንቶታል። ኤሌክትሪካል የምናጠና ልጆች በቀላሉ ይገባናል፤ ብሬከር «ይህ ጭነት ከየት መጣ?» ብሎ አይጠይቅም፣ ይወርዳል። ምርመራው በኋላ ነው። በሣር ውስጥ ያለው ገመድ ይሁን እባብ ሳይለይ ወደ ኋላ የሚያዘልለን ይኸው አጭር መንገድ ስለሆነ፣ አላህ (ሱ.ወ) ለእኛ የሰጠን ጸጋ እንጂ ጉድለት አይደለም። ችግሩ የተገፋ ጀሪካንንም እንደ እባብ ማየቱ ነው።

አሚግዳላ ማንቂያውን ሲደውል ከሥሩ ያለው ሃይፖታላመስ ይቀበላል። ከኩላሊት በላይ ወደተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች በነርቭ ትእዛዝ ይላካል፤ በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን ደም ውስጥ ይገባል። ልብ ትፈጥናለች፣ ጉበት ስኳር ይለቃል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይዞራል፣ አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል። ዎልተር ካነን የተባለው የፊዚዮሎጂ ሊቅ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ይህን «የመዋጋት ወይም የመሸሽ» ዝግጅት ብሎ ጠራው። ልብ እንበል፤ ሰውነት ለመዋጋትም ለመሸሽም የሚያደርገው ዝግጅት በአብዛኛው አንድ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚሆን የሚወስነው በዚያ ቅጽበት ነገሩን የምንተረጉምበት መንገድ፣ አካባቢያችንና ልማዳችን ነው።

ሁለተኛው መስመር ዘገምተኛ ነው። ሃይፖታላመስ ፒቱታሪ ለሚባለው ዕጢ መልእክት ይልካል፣ ፒቱታሪ ደግሞ በደም በኩል አድሬናልን ያዝዛል፣ አድሬናል ኮርቲሶል ያመነጫል። ኮርቲሶል በደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ነገሩ ከተከሰተ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። እዚህ ላይ ኮንትሮል ሲስተም የወሰዳችሁ የምታውቁት ነገር አለ። ኮርቲሶሉ ራሱ ተመልሶ ወደ አንጎል ሄዶ «በቃ፣ ደርሷል» ይላል፤ ሃይፖታላመስም ያቆማል። ኔጌቲቭ ፊድባክ ማለት ነው። ሥርዓቱ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ተደርጎ ተሠርቷል፣ ሱብሓነላህ። ግን ጊዜ ይፈልጋል። በአምስተኛው ደቂቃ «ታረቁ፣ ተሳሳሙ» ብንላቸው አፋቸው እሺ ይላል፣ ደማቸው ግን ገና እየወጣ ነው። ብዙ ጠብ ከታረቀ በኋላ በሩብ ሰዓት ውስጥ እንደገና የሚነሳውም በዚህ ምክንያት ነው። እኒያ አባት ሰዉን እስከ ዐስር ማቆየታቸው፣ አውቀውትም ይሁን በልምድ፣ ለኮርቲሶሉ የሚበቃ ጊዜ ሰጥቶታል።

ሙቀቱንም እንዳንረሳው። ጋምቤላ ቆላ ነው፤ በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ 40 ዲግሪ ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ይገፋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይጎድላል። ማለትም ጀሪካኑ ሳይገፋ በፊት ግማሹ መንገድ ተሄዷል። ክሬግ አንደርሰን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የአሜሪካን የብዙ ዓመታት የወንጀል መረጃ ከአየር ሙቀት ጋር አነጻጽሮ በሞቃት ቀናትና በሞቃት ዓመታት የኃይል ወንጀል እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህን ይዘን ግን «የቆላ ሰው ቁጡ ነው» የሚል ወሬ እንዳናመጣ። አቦቦ በመጋቢት ቀኑን ሙሉ ሞቃት ነው፣ አብዛኛውን ቀን ደግሞ ሰላም ነው። ሙቀት ሚዛኑን ይነካል እንጂ አይፈርድም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። ከላይ የጠቀስነው ማንቂያ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ነው። ሳይጠፋ ለዓመታት ቢቆይስ? ሃንስ ሰልየ እ.ኤ.አ. በ1936 በአይጦች ላይ ባደረገው ሥራ የተለያየ ዓይነት ጉዳት ቢያደርስባቸውም ሰውነታቸው አንድ ዓይነት ምላሽ እንደሚሰጥ፣ ጫናው ሲረዝም ደግሞ እንደሚጎዱ አሳየ። ኮርቲሶል ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ማስታወስን የሚያገለግለውን ሂፖካምፐስ ይጎዳል፣ አሚግዳላን ደግሞ ይበልጥ ንቁ ያደርገዋል። «በቃ» የሚለው ፊድባክ ራሱ ይደክማል። ሴንሰሩ የተበላሸ ቦይለር አስቡ።

የአቦቦ ሰው ከዚህ አንጻር ብዙ ተሸክሟል። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሌሎችም ቦታዎች በሰፈራ የመጡት ሰዎች ረሃብ ያደከማቸው፣ ወባና ሙቀት የማያውቁ ነበሩ። የሰፈሩባቸው መንደሮች እስከ ዛሬ በቁጥር ነው የሚጠሩት። ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፣ ከእኛም መካከል የእነሱ የልጅ ልጆች አሉ። በሌላ በኩል አኝዋኩ በአያቶቹ መሬት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሌላ ሕዝብ ሲሰፍር አየ፤ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በመንደር ማሰባሰብ ፕሮግራም ራሱ ከቦታው እንዲነሳ ተደረገ። ሁለቱም ወገን ሰውነቱ ውስጥ ያልጠፋ ማንቂያ አለ። ቦኖው ጋ የተገናኙት ሁለት ጀሪካኖች ብቻ አይደሉም ማለታችን ነው።

ይህ ማንቂያ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ጋምቤላ ከተማ ላይ ታይቷል። መኪና ውስጥ የነበሩ ስምንት ሰዎች ተገደሉ፤ አስከሬናቸው ከተማ ውስጥ ለሕዝብ ታየ። በሰዓታት ውስጥ ከግድያው ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው አኝዋኮች ላይ የበቀል ጥቃት ተጀመረ። ካጠቁት መካከል ወታደሮችና የከተማው ደገኛ ነዋሪዎች ነበሩበት። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች የሟቾቹን ቁጥር በመቶዎች ያስቀምጡታል። ይህን የምንጽፈው ቁስል ለመቆስቆስ አይደለም። ከእኛ ከብዙዎቻችን ቤት ይህ ታሪክ የሚነገረው ግማሹ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ስምንቱ ይነገራሉ፣ የተቀሩት አይነገሩም።

እዚህ ላይ ግን ሳይንሱ ራሱ አንድ ልዩነት ያስተምረናል። ዎልተር ሄስ የተባለው የስዊዘርላንድ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ኖቤል ያገኘው፣ የድመቶችን ሃይፖታላመስ በኤሌክትሪክ በመንካት ማንም ሳይነካቸው በቁጣ እንዲያፏጩና እንዲቧጭሩ አድርጓቸው ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ትንሽ ፈንጠር ያለ ቦታ ሲነኩ ድመቷ ፀጉሯ ሳይቆም፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ በዝግታ ሄዳ አይጧን ትይዛለች። ሁለት ዓይነት ጥቃት አለ፤ ትኩስና ቀዝቃዛ። የቦኖው ጠብ ትኩስ ነው። ሚያዝያ 20 ቀን 2004 ዓ.ም. በአቦቦ ወረዳ በሳዑዲ ስታር የእርሻ ካምፕ ላይ ታጣቂዎች አደጋ ጥለው ቢያንስ 5 ሰዎች የገደሉበት፣ ወይም ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናትን የወሰዱበት ግን ታስቦበት የተደረገ ነው። ለዚህ ዓይነቱ «ቁጭ በል፣ ውዱእ አድርግ» መልስ አይሆንም። ፍትሕና ሕግ ነው የሚያስፈልገው። ሁሉንም ነገር በሆርሞን የሚያስረዳ ሰው ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩት።

ወደ ትኩሱ ቁጣ እንመለስ። ብዙዎቻችን ቁጣ ልክ እንደ አልዌሮ ግድብ ውሃ ይመስለናል። አቦቦ ሄዳችሁ ካላያችሁ፣ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በአልዌሮ ወንዝ ላይ የተሠራ የመስኖ ግድብ ነው። ውሃው ሲሞላ በማስተንፈሻው ካልወጣ ግድቡን ይሰብራል፤ ቁጣም «ካልወጣልኝ እፈነዳለሁ» እንላለን። ስለዚህ መጮህ፣ ትራስ መደብደብ፣ ለአስር ሰው ደውሎ ማውራት ይመከራል። ሲቪል የሚያጠኑት ወንድሞቻችን በጣም የሚወዱት ምሳሌ ነው፣ እኛም አምነንበት ነበር።

ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት 600 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በጻፉት ጽሑፍ ላይ ክፉኛ እንዲነቀፉ አደረገ። ከፊሎቹ ያስቆጣቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲመቱ፣ ከፊሎቹ ስለ ስፖርት ብቻ እያሰቡ እንዲመቱ፣ ከፊሎቹ ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው እንዲቀመጡ ተደረገ። እጅግ ቁጡ ሆነው የተገኙት ሰውየውን እያሰቡ የመቱት ናቸው። ከሁሉም ያነሰ ጥቃት ያሳዩት ዝም ብለው የተቀመጡት ናቸው። ስለዚህ ቁጣ እንደ ውሃ አይደለም፣ ሲለቁት አይጎድልም። እንደ እሳት ነው፣ ሲነኩት ይጨምራል። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቁጣን በአደም ልጅ ልብ ውስጥ ካለ ፍም ጋር ማመሳሰላቸውን መድረሳ ውስጥ ተምረነዋል። ግድቡን ከየት እንዳመጣነው እንጃ።

ታዲያ ማመቅ ይሻላል ማለት ነው? ኢማም አል-ገዛሊ ኢሕያእ ውስጥ ቁጣን፣ ቂምንና ምቀኝነትን በአንድ መጽሐፍ አጣምረው ነው የጻፉት። ምክንያታቸው መበቀል ስላልቻለ ብቻ የተዋጠ ቁጣ ውስጥ ገብቶ ቂም ይሆናል የሚል ነው። እጅን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ እጅን ይዞ በልብ ሌሊቱን ሙሉ ሰውየውን መደብደብ ሌላ። ከረጢቱን እየመቱ ስለ ሰውየው ያሰቡት ተማሪዎችን የጎዳቸው ከከረጢቱ ይልቅ ሐሳቡ ነው። ቁርኣን በአሊ ዒምራን ምዕራፍ ያወደሳቸው ቁጣቸውን የሚገቱ ሰዎች ወዲያው ይቅር ከማለት ጋር ተያይዘው የተጠቀሱትም ለዚህ ይመስለናል።

አሁን የወንድማችንን ጥያቄ በቀጥታ ልንመልስ እንችላለን። አቡ ዳውድ በዘገቡት መሠረት የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልለቀቀው እንዲጋደም ታዟል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤዲ ሃርመን ጆንስና ባልደረባው ፒተርሰን ተማሪዎችን ከፊሉን ቀጥ አድርገው አስቀምጠው፣ ከፊሉን አጋድመው፣ ሁሉንም የሚያስቆጣ ነቀፌታ አሰሟቸውና የአንጎላቸውን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለኩ። ቀጥ ብለው የተቀመጡት ላይ የታየው፣ ወደ ፊት ለመሄድና ለማጥቃት ከመዘጋጀት ጋር የሚያያዘው እንቅስቃሴ፣ የተጋደሙት ላይ አልታየም። የሚገርመው ግን የተጋደሙትም «ተቆጥተናል» ነው ያሉት። ቁጣው አልጠፋም። ለመምታት መነሳቱ ነው የቀረው። የማንጎው ጥላ ስር የሆነውም ይኸው ነው። ሰዎቹ እያጉረመረሙ ነበር ብሎናል ወንድማችን፤ ግን ቁጭ ብለው ነው ያጉረመረሙት። ውዱእን በተመለከተ በሐዲሱ ሰነድ ላይ ዑለሞች ንግግር ስላላቸው ሐዲሱን ማስረጃ አናደርገውም፤ ይሁንና ፊት ላይ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ የልብ ምትን ዝግ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሐዲስ ትክክል ለመሆን የላብራቶሪ ማረጋገጫ አይጠብቅም። ነገ ሌላ ጥናት ሌላ ቢል እንዳንደናገጥ ብለን ነው።

ሸይጧን ወይስ አሚግዳላ የሚለውን ኡስታዛችን በኋላ በአጭሩ እንዲህ አስረዱን። እሳት የተነሳው በሽቦ መነካካት ነው ማለት ሽቦውን ያነካካው የለም ማለት አይደለም። አላህ ለሁሉም ነገር ሰበብ አድርጓል፣ ሰበቡን ማወቅ ዒልም ነው። ከዚያ ያለፈውን ለእሳቸው እንተዋለን።

ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ግቢያችን ነው። አሚግዳላን «ቆይ» የሚለው፣ ከግንባራችን ጀርባ ያለው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ፣ እድገቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ አጋማሽ ነው። ማለትም የአብዛኞቻችን ገና ግንባታ ላይ ነው። በዚያ ላይ እንቅልፍ እንነሳዋለን። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይተኙ ያደሩ ወጣቶች ደስ የማይል ሥዕል ሲያዩ አሚግዳላቸው የሰጠው ምላሽ ከተኙት በ60 በመቶ በልጧል፤ ከፕሪፍሮንታል ጋር ያለው ግንኙነትም ላልቷል። የፋይናል ሳምንት ዶርም ውስጥ በቻርጀር ምክንያት የሚነሳውን ጠብ አስታውሱ። በረመዳን ከሰዓት በኋላ የምንነጫነጨውም ከጾሙ ይልቅ ከተቋረጠው ቡናና ከጎደለው እንቅልፍ ነው፤ ጾሙ ላይ አናላክከው።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተነሳ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሲሞቱ ወሬው በስልክ ወደ ሌሎች ግቢዎች ደረሰ፤ ግጭቱም ተከተለ። በዚያ ዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ዛሬ ቴሌግራም ላይ የአስከሬን ፎቶ ከነብሔሩ ስም ሲለቀቅ አጭሩን መንገድ ነው የሚመታው። 1996 ላይ ሰው ከተማው መሀል ሄዶ ማየት ነበረበት፣ አሁን ኪሳችን ድረስ ይመጣል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዳኛ በቁጣ ላይ ሆኖ በሁለት ሰዎች መካከል እንዳይፈርድ መከልከላቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ፎርዋርድ የምናደርግ ሰዎች ሁላችን እየፈረድን ነው። በጀመዓው ግሩፕ ላይ የተስማማነው ሕግ አለ፤ የግጭት ወሬ ከደረሰን ከአንድ ሰላት እስከሚቀጥለው ሰላት ሳይጠበቅ አይለጠፍም። አንዳንዶች ይህ ዝምታ ፍርሃት ነው ይሉናል፤ በዚህ አንስማማም።

የመጨረሻው ነገር ስለ ታመሙት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአልጄሪያ፣ በካምቦዲያ፣ በጋዛና በኢትዮጵያ ግጭትን ያለፉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። በኢትዮጵያ ከተጠኑት 15.8 በመቶው የድኅረ አደጋ ጭንቀት ሕመም ነበረባቸው። አብዛኛው ሰው ይቋቋመዋል ማለት ነው፤ ከስድስት አንዱ ገደማ ግን አይችልም። ከእኛ መካከል ሌሊት የሚባንን፣ በር ሲዘጋ የሚደነግጥ፣ ያለ ምክንያት እጁ የሚነሳ ወንድም ወይም እህት ሊኖር ይችላል። «ኢማንህ ደክሞ ነው» የሚለው መልስ ስህተት ነው። ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ነብይ ነበሩ፤ ቁርኣን ከሐዘን ብዛት ዓይናቸው እንደነጣ ይነግረናል። አቡ ዘይድ አል-በልኺ፣ በ322 ሂጅራ የሞቱት፣ ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለየብቻ አስቀምጠው ለእያንዳንዱ ሕክምናውን ጽፈዋል። ሰውነት እንደሚታመም ነፍስም ትታመማለች ማለት ለእኛ ዑለሞች አዲስ ነገር አልነበረም። በአገራችን ለአሥርተ ዓመታት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻውን የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበረ ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ፣ ሰዉም ሕክምናውን ሸሸ።

በግቢያችን የተማሪዎች ክሊኒክና የምክር አገልግሎት አለ፣ ክፍያ የለውም። ብቻውን መሄድ የከበደው ካለ ለወንዶችም ለእህቶችም አብሯቸው የሚሄድ ሰው ከጀመዓው ተመድቧል። ጁሙዓ ከሰላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ታገኙናላችሁ፤ ስምም ምክንያትም አንጠይቅም።